ለሐይቁ ማን ቀብድ ከፈለ?

የሐይቅ ዳር ሆቴል የማይስማሙ ሁለት ነገሮችን ከአንድ ግቢ ይሸጣል። አንደኛው ሠርግ ነው። ሠርግ እልልታ አለው፣ ክላክስ አለው፣ ሽማግሌውን ሳይቀር ከወንበሩ የሚያስነሳ ዲጄ አለው። ሁለተኛው እስፓ ነው። እዚያ ደግሞ ሰው ስልኩን አጥፍቶ፣ ፎጣ አገልድሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይገባል። የአንዱ ደንበኛ ሲደሰት የሌላው ደንበኛ እንቅልፍ ያጣል። ያም ሆኖ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ቢሾፍቱ፣ ብዙ ሰው ዛሬም ደብረ ዘይት በሚላት ከተማ፣ እነዚህ ሁለት ንግዶች በአንድ ጣሪያ ሥር ዓመታት አስቆጥረዋል። ሐዋሳና ባሕር ዳርም ያው ነው። ሁለቱን ያስታረቃቸው የአስተዳዳሪዎቹ ብልሃት ብቻ አይደለም፤ ሁለቱም ደንበኞች ገንዘባቸውን ይዘው የሚመጡት ለውኃው ሲሉ ነው። ሐይቁ ከመስኮቱ ፊት ባይኖር ሠርገኛው አዲስ አበባ ውስጥ አዳራሽ አያጣም፤ መታሸት የፈለገውም ቦሌ ድረስ ታክሲ ይበቃዋል። እንዲህ ከሆነ የዚህ ንግድ ዋናው ካፒታል ውኃው ነው ማለት ነው፤ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ግን ስሙ አይገኝም። የሆቴሎቹም የደጋሾቹም ቁልፍ ጉድለት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሠርግ ከሠፈር ወጥቶ ሐይቅ ዳር የደረሰው በቅንጦት ብቻ ነው የሚሉ አሉ። ነገሩ ከዚያ ይሰፋል። ዳስ የሚጣለው ግቢ ሲኖር ነው። ድንኳን የሚተከለው፣ በሬ የሚታረደው፣ የእድር ብረት ድስት የሚጣደው ቦታ ሲኖር ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ቤተሰብ እነዚህ ሁሉ የሉትም፤ የጋራው ግቢም ከመኪና ማቆሚያ አይተርፍም። ወጥ ሠርታ፣ ሽንኩርት ከትፋ፣ ጠላ ጠምቃ የምታግዘው ጎረቤትም ዛሬ እንደ ሙሽሪት እናት ሁሉ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሥራ ላይ ናት። ስለዚህ ድግሱ ለሚከፈለው ሰው ተላለፈ። አንዴ ለሚከፈለው ሰው ከተላለፈ በኋላ ደግሞ ለምን ውብ ቦታ አይሆንም የሚለው ጥያቄ ተከተለ። ከአዲስ አበባ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ቢሾፍቱ በሩቅ የምትታሰብ ከተማ መሆኗ ቀርቷል። ጠዋት በአዲስ አበባ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ተክሊል የፈጸመ ሙሽራ ለምሳ ሐይቅ ዳር ይደርሳል።

እዚያ ሲደርስ የሚሆነውን ላስተዋለ የውኃው ዋጋ ወዲያው ይታያል። ምግቡ ከመቅረቡ በፊት ሙሽሮቹ ወደ ሐይቁ አፋፍ ይወሰዳሉ። የቢሾፍቱ ሐይቆች ዳርቻ ገደላማ ስለሆነ ብዙው ሆቴል የተሠራው በእርከን ነው፤ ወደ ታች የሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ረጅም ነው። ሙሽሪት ቬሎዋን ሰብስባ፣ ሁለት ሚዜዎች የቬሎውን ጭራ ከኋላ አንሥተው፣ አንዷ ደግሞ ጫማዋን በእጇ ይዛላት ደረጃ በደረጃ ይወርዳሉ። ካሜራ ማኑ ጀርባቸውን ለውኃው እንዲሰጡ ያደርጋል። ድሮኑ ከላይ ይዞራል። በቪዲዮው ላይ ሃያ ዓመት የሚቆየው ይህ ነው፤ ቡፌውንማ ማን ያስታውሰዋል? እንግዳው አዳራሽ ውስጥ ቁርጡን በአዋዜ እየበላ ሲጠብቅ፣ ቤተሰቡ ከፍተኛውን ገንዘብ ያወጣበት ነገር ታች ደረጃው ሥር ተፈጽሞ ያልቃል።

አሁን ወደ ቀን መቁጠሪያው እንምጣ፤ ሠርጉና እስፓው እንዴት አብረው እንደሚኖሩ የሚፈታው እሱ ነውና። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በጾም ወራት አይጋባም። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ይይዛል። ከጰራቅሊጦስ ማግስት የሚጀምረው የሐዋርያት ጾም እስከ ሐምሌ 5 ይሄዳል፤ ፍልሰታ የነሐሴን የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ይወስዳል። የሚተርፈው ሲታይ ሠርግ ሁለት ትልልቅ መስኮቶች አሉት። አንዱ ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ያለው ነው፤ ከጥምቀት ማግስት ጥር 12 ቀን የሚከበረው ቃና ዘገሊላ ራሱ የሠርግ ቤት መታሰቢያ ነው። ሁለተኛው ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ናቸው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም ለደጋሽ የሚመች ጊዜ ነው። ከውጭ አገር፣ በተለይ ከአሜሪካና ከአውሮፓ፣ ለዕረፍት የሚመጡ ወገኖች ደግሞ ከሐምሌ 5 እስከ ፍልሰታ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ፣ ዝናቡን እየተጋፉ ይሞሽራሉ። በሙስሊሙ ወገን ረመዳን እንዲሁ የድግሱን ጊዜ ያሸጋሽገዋል። የጥር ቅዳሜና እሑዶች ቢቆጠሩ ከአሥር አይበልጡም። የሆቴል ባለቤት በእነዚያ ጥቂት ቀናት አዳራሹ ጠቦት ይጨነቃል፤ በቀረው ጊዜ ባዶ ወንበር ያያል።

ያን ባዶ ወንበር የሚሞላው እስፓው ነው። ማክሰኞ ሠርግ የለም፤ ማሳጅ ግን ይኖራል። በዐቢይ ጾም የሚደግስ ክርስቲያን ባይኖርም ስብሰባ አዘጋጅቶ ሠራተኞቹን ለሁለት ቀን የሚያሳርፍ ድርጅት አይጠፋም። ከሠርጉ በኋላ ያሉት የጫጉላ ቀናትም በዚህ በኩል ይመዘገባሉ። እንዲህ ሲታይ እስፓው ለሆቴሉ የጾም ወራት ስንቅ ነው። ይህን ቀመር በአገራችን በሰፊው ካስለመዱት አንዱ ቦስተን ከተማ ውስጥ በጸጉር ሥራ ቆይተው የተመለሱት አቶ ታዲዮስ በለጠ ናቸው፤ አዲስ አበባ ላይ የጀመሩትን የቦስተን ዴይ እስፓ ሥራ ወደ ቢሾፍቱ ወስደው ኩሪፍቱ ሪዞርትን አቆሙ፤ ከዚያም በጣና ዳር፣ በባሕር ዳር ቀጠሉ። እስፓ የፈረንጅ ነገር ነው ለሚል ሰው ግን መልሱ ቅርብ ነው። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ የፍልውሃን ሙቅ ውኃ ወደውት ነው። ሶደሬና ወንዶ ገነትም ለመታጠብና ለመፈወስ የሚኬድባቸው ቦታዎች ናቸው። ሙሽራን አዘጋጅቶ ማውጣትም ቢሆን የቆየ ሙያ ነው፤ እንሶስላው፣ የራስ ቅቤው፣ የወሎ ሴቶች የወይባ ጭስ ሁሉ ገላን ማሰማመሪያ ናቸው። አዲሱ ነገር ዋጋ ወጥቶላቸው በዝርዝር መቅረባቸው ብቻ ነው።

በፍልውሃና በቢሾፍቱ መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ፍልውሃ የሚሄድ ሰው ውኃውን ራሱን ፈልጎ ይገባበታል። ቢሾፍቱ እስፓ የሚገባ ሰው ከሐይቁ ውኃ ጠብታ አይነካውም። ጃኩዚው የሚሞላው ከቧንቧ ነው፤ ለከተማዋ ከሚቀርበው ውኃ ብዙው ደግሞ ከጉድጓድ ይወጣል። ሐይቁ የሚሠራው ከመስኮት ወዲያ ሆኖ ነው፦ ጸጥታ ይሰጣል፣ ነፋሻ አየር ይሰጣል፣ ዓይን ያሳርፋል። ይህ ነው ሐይቁን ከሒሳቡ ያስወጣው። ቧንቧው ቆጣሪ አለው፤ መብራቱ ቆጣሪ አለው፤ ሥጋው በኪሎ ይገዛል። የውኃው መልክ ግን ቆጣሪ የለውም። ቆጣሪ የሌለውን ነገር ሰው እንደማያልቅ አድርጎ ያየዋል።

ያልቃል ወይስ አያልቅም ለሚለው የሐይቆቹን አፈጣጠር መመልከት ያሻል። ቢሾፍቱ፣ ሆራና ባቦጋያ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በከፈታቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ ውኃዎች ናቸው። ስፋታቸው አነስተኛ ነው፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጥልቀቱ ግን ወደ 87 ሜትር ይጠጋል። ወንዝ ሆኖ የሚወጣላቸው ውኃ የለም፤ ከላይ በትነት ይቀንሳሉ፣ ከዝናብ፣ ከጎርፍና ከከርሰ ምድር ይሞላሉ። ሳሙና፣ ዘይት፣ የወጥ ቤት እጣቢ ወይም የመጸዳጃ ፍሳሽ አንዴ ከገባባቸው ወደ ታች አገር ተሸክሞ የሚወስድላቸው ወንዝ የለም ማለት ነው። ያለው እዚያው ይከማቻል።

የተከማቸው ነገር ምን እንደሚያደርግ ዓሣ አስጋሪዎቹ በደንብ ያውቃሉ። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ ላይኛውን ውኃ ታሞቀዋለች፤ የሞቀው ስለሚቀል እላይ ይቀመጣል፤ ቀዝቃዛው ከታች ይተኛል። ሁለቱ እንደ ሁለት ጎረቤት ሳይገናኙ ይኖራሉ። ከላይ የሚሞተው አረንጓዴ ዋቅላሚና ሌላው ቆሻሻ ወደ ታች ይሰምጣል፤ እዚያ ሲበሰብስ የታችኛውን ውኃ ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲበርድ፣ ነፋሱም ሲበረታ፣ የላይኛው ውኃ ቀዝቅዞ ይወርዳል፤ ኦክስጅን ያለቀበት የታችኛው ይወጣል። ያን ጊዜ ዓሣው፣ በተለይ ቆሮሶው፣ ታፍኖ ይሞትና ዳር ይወጣል። በእነዚህ ሐይቆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህን ከመዘገቡ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ተፈጥሮ ራሷ የምታመጣው ነገር ነው፤ ሆቴል ሳይኖርም ነበር። ነገር ግን ወደ ታች የሚሰምጠው ቆሻሻ በጨመረ ቁጥር የሚታፈነው ዓሣም ይጨምራል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ሐይቁ የሚገለባበጥበት ወቅት ከጥር የሠርግ ወቅት ጋር ይገጥማል። ሙሽሮቹ ደረጃውን ወርደው ጀርባቸውን የሚሰጡት ውኃ የሞተ ዓሣ ያንሳፈፈ፣ የሚሸት ቢሆን ሆቴሉ የሸጠላቸው ምንድን ነው?

ማጋነን ለሚመስለው ሰው ሐረማያ ምስክር ነው። ከሐረር ብዙም የማይርቀው የሐረማያ ሐይቅ የቅርብ ትውልድ ጀልባ ያየበት፣ ዓሣ የበላበት ሐይቅ ነበር። ለሐረር ከተማ መጠጥ ተሳበ፤ ዙሪያውን ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ተቀዳ፤ ከተራራው የታጠበ ደለል ሞላው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ደረቀ፤ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። በኋላ ውኃ መመለስ ቢጀምርም ያ ጊዜ ያስተማረው ነገር አይረሳም፦ ሐይቁን ለብቻው የገደለው አንድ ሰው አልነበረም። እያንዳንዱ የሳበው ትንሽ ነበር። ጣና ደግሞ ሌላ መንገድ አሳየን፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው እምቦጭ አረም ሰፊ የሐይቁን ዳርቻ በጥቂት ዓመታት ሸፈነ፤ ያን ያህል ግዙፍ ሐይቅ፣ ዓባይን የሚያህል ወንዝ የሚወጣለት፣ ተቸገረ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የማይሞላውስ?

በዚህ ነጥብ ላይ የሆቴል ባለቤቶች የሚያነሡት መከራከሪያ አለ፤ ተገቢም ነው። ጥፋቱን ወደ እኛ ለምን ታዞራላችሁ ይላሉ። በአካባቢው የአበባ እርሻ አለ፣ ፋብሪካ አለ፣ የከተማው ፍሳሽ አለ፣ ገበሬው ማዳበሪያ ይበትናል፤ ጎርፉ ሁሉን ሰብስቦ ያወርደዋል። ሠርገኛ አጥቦ የሚደፋው ሳሕን ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ምንድን ነው? መጠኑን በተመለከተ እውነታቸው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ክርክሩ ራሱ ወደ እነሱ ይመለሳል። የአበባ እርሻው ሐይቁ ቢሸት አበባውን ይሸጣል፤ ፋብሪካውም ምርቱን ይጭናል። ሐይቁ ቢበላሽ በማግስቱ ደንበኛ የሚያጣው ሆቴሉ ብቻ ነው። ከሁሉም ይልቅ የሚጎዳው እሱ ከሆነ ከሁሉም በፊት መጮህ ያለበትም እሱ ነው፤ የሚጮኸው ሰው ደግሞ የራሱ ግቢ ንጹሕ መሆን አለበት። የራሱ ፍሳሽ ወዴት እንደሚሄድ ማሳየት የማይችል ባለ ሆቴል ፋብሪካውን ለመክሰስ ምን አፍ አለው?

ሌላው መከራከሪያ የሥራ ዕድል ነው። አንድ ሠርግ ከአስተናጋጁ ባሻገር ዲኮር ሠሪውን፣ የአበባ ነጋዴውን፣ ሜካፕ የምትሠራዋን፣ ሹፌሩን፣ የባሕል ጨፋሪውን፣ እንጀራ አቅራቢዋን ያበላል። እስፓውም ለወጣት ሴቶች ሙያ ሰጥቷል፤ ማሳጅ ተምረው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ጥቂት አይደሉም። ይህን ማቃለል ነውር ነው። ሆኖም ሥራውን የፈጠረው ሐይቁ ስለሆነ የሥራ ዕድል የሚለው መከራከሪያ ለሐይቁ ይከራከራል እንጂ በሐይቁ ላይ አይከራከርም። ለአንድ ጥር ወር ገቢ ሲባል የሃያ ዓመት እንጀራ የሚያቋርጥ አሠራር የሠራተኛው ወዳጅ ሊባል አይችልም።

ከሁሉ የሚከብደኝ የአጥሩ ጉዳይ ነው። ሆቴሎቹ በተደረደሩ ቁጥር ሰው ወደ ውኃው የሚወርድበት ቀዳዳ እየጠበበ መጥቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ ቢሾፍቱ ላይ ግን ውኃውን ለማየት ብዙ ጊዜ ቡና ማዘዝ ግድ ይላል። ባለ ሆቴሎቹ ደግሞ ክፍት የተተወ ዳርቻ መኪና ማጠቢያና ልብስ ማጠቢያ ይሆናል፣ አጥሩ ሐይቁን ጠብቆታል ይላሉ። ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ በሳሙና የሚታጠብ ባጃጅ ለሐይቅ መልካም አይደለም። ግን መልሱ አጥር ብቻ ነው ወይ? ሆራ አርሰዲ ዳር በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ኢሬቻ ይከበራል። እጅግ ብዙ ሕዝብ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ክረምቱን ላሻገረው አምላክ ምስጋና ያቀርባል። ሐይቁ ለዚያ ሕዝብ የፎቶ ጀርባ አይደለም፤ የምስጋና ቦታ ነው። ከሆቴሎቹ በፊት ነበረ፤ በእምነቱም ምክንያት ተከብሮ ኖረ። ዳርቻው የሁሉም ሲሆን ጠባቂውም ይበዛል፤ አጥር የተበጀለት ውኃ ግን ጠባቂው ባለ አጥሩ ብቻ ይሆንና፣ እሱ የሰነፈ ዕለት የሚያይ ዓይን አይኖርም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሚከለክለውም የሚያስገድደውም ሕግ አለ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ ሳይገመገም እንዳይጀመር ይደነግጋል፤ ተከታዩ አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለትን ይከለክላል። አዋጁ በመዝገብ ቤት መቀመጡ ግን የፍሳሽ ጉድጓዱን አይጠግነውም። ተቆጣጣሪ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። ደጋሽ ግን በየሳምንቱ ይመጣል፤ ገንዘብም ይዞ ይመጣል። ተደራዳሪው እሱ ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

የሠርግ ውል ላይ የሚሰፍረውን ተመልከቱ፦ የወንበር ሽፋን ቀለም፣ የአበባው ቅስት፣ ኬኩ ስንት ፎቅ እንደሚሆን፣ ጄኔሬተር፣ ለሙሽሮች የአንድ ሌሊት ክፍል፣ ለሙሽሪት የእስፓ አገልግሎት በምርቃት። ይህን ሁሉ መስመር በመስመር የሚያነብ አማት ሁለት መስመር ቢጨምር ምን ይከብደዋል? የወጥ ቤቱና የመጸዳጃው ፍሳሽ የት ተጣርቶ ወዴት ይወጣል? የፕላስቲክ ጠርሙሱን ማን ሰብስቦ የት ያደርሰዋል? ርችትና የሚበተን ብልጭልጭ ወረቀት ሐይቁ አፋፍ ላይ መከልከሉን፣ ዲጄው ስንት ሰዓት ላይ ድምፁን እንደሚቀንስ አብሮ ማስጻፍም ይቻላል። የመጨረሻው ለእስፓው እንግዳም ለወፉም ይጠቅማል።

ደንበኛ ይህን አይጠይቅም፣ ዋጋ ብቻ ነው የሚጠይቀው የሚል አለ። እስካሁን እውነት ነው። ቢሆንም ይኸው ደንበኛ ቀድሞ ያልጠየቀውን ብዙ ነገር ዛሬ ይጠይቃል፤ ድሮን ከየት መጣ? አንድ ሆቴል ማጣሪያውን ለደንበኛ አስጎብኝቶ በማስታወቂያው ላይ ቢያወጣው፣ ጎረቤቱ ሳይወድ በግዱ ይከተላል። ከእያንዳንዱ ሠርግ ሒሳብ ላይ ትንሽ ተቀንሶ ለሐይቁ ተፋሰስ ዛፍና እርከን የሚውልበት የጋራ ሣጥን ሆቴሎቹ ቢያቋቁሙም የደጋሹ ኪስ አይሰማውም፤ ከመዘጋጃ ቤቱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ የሚደራደርም ያገኛሉ። ይህን ለመጀመር የሚመቸው ጥር አይደለም፤ በጥር ባለ ሆቴሉ ስልክ ለማንሣት እንኳ ጊዜ የለውም፣ ተለማማጩም ደጋሹ ነው። የሚመቸው ክረምት ላይ ነው። ነሐሴ ውስጥ፣ አዳራሹ ባዶ ሆኖ አስተዳዳሪው ለጥር ቀን የሚያስይዝ ሰው ሲጠብቅ፣ ቀብዱን በእጁ የያዘ ቤተሰብ ያሻውን ጥያቄ ጠይቆ መልስ ሳያገኝ አይመለስም።